«ድፍን» የሚባለው የትኛው ብር ነው?

«ድፍን ብር» የሚባለው የመቶ ነው ወይስ የሁለት መቶ ብር ኖት፣ ቃሉስ የአራዳ ቋንቋ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ለዓመታት ሱቅ ስጠብቅ ከታዘብኩት ልመልስልዎት። ድፍን የአንድ የተወሰነ ኖት ስም አይደለም። ስሙኒ ከተባለ ምንጊዜም 25 ሳንቲም ነው፤ ድፍን ግን ኖቱ ከሚከፈለው ሂሳብ ጋር ተመዛዝኖ የሚያገኘው ስያሜ ነው። ለ10 ብር ዕቃ መቶ ብር ያወጣ ደንበኛ ገና ሳይገዛ «ድፍን ነው የያዝኩት» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ያንኑ ኖት ለ95 ብር ዕቃ ሲሰጥ ግን ቃሉ ትዝም አይለው።

«ድፍን» ያልተከፈለ፣ ያልተሰነጠቀ ማለት ነው፤ ድፍን ምስር ከክኩ የሚለየው በዚሁ ነው። ለገንዘብ ሲሆን ተቃራኒው «ዝርዝር» ይባላል። ስለዚህ የአራዳ ቃል ልለው አልደፍርም፤ ገበያ ለራሱ ጉዳይ ያዋለው ነባር አማርኛ ነው። የ200 ብር ኖት በመስከረም 2013 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት ከመቶ የሚበልጥ ኖት ስላልነበረን፣ ብዙ ሰው ድፍንንና መቶን አንድ አድርጎ ለምዷል፤ የእርስዎም ጥያቄ ከዚያ የመነጨ ይመስለኛል።

«ድፍን ሺህ ብር ከፈልኩ» የሚለውን ከዚህ ጋር እንዳያምታቱት። የሺህ ብር ኖት የለንም፤ እዚህ ላይ ቃሉ «ሙሉ ሺህ» ለማለት፣ መገረምም ለመግለጽ የገባ ነው፤ ክፍያው በአሥር በአሥር ብር ቢፈጸም እንኳ አነጋገሩ አይለወጥም።

ቃሉ ጎልቶ የሚሰማው ታክሲ ውስጥ ነው። ኖቶቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መካከል የሰካው ረዳት መልስ ሲያጥረው፣ አንዱን ድፍን ለሁለት ለማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይላቸዋል። እኔም አንድ ቀን ከማላውቃቸው እናት ጋር እንዲህ ተጣምሬ ወርጄ፣ ኖቱን ለማዘርዘር ሦስት ሱቅ ዞረን፣ በሦስተኛው ክብሪት ገዝተን ተለያየን። (ሳይገዙ አለመዘርዘር የባለሱቅ ልማድ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ።) ማታ ሲሆን ደግሞ ያው ረዳት የዋለበትን የአምስትና የአሥር ብር እስር ይዞ መጥቶ «ድፍን አለህ?» ይለኛል፤ ለነገ ደንበኞቼ ዝርዝር ስለሚያስፈልገኝ፣ እሱን ምንም ሳይገዛ እቀይርለታለሁ።