ቮልስህ ሚኒሞ ላይ ከተንቀጠቀጠች ካርቡራተሩን መጨረሻ ላይ ንካው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ በፈረንጅ 1968 ስሪት ቮልስ 1300 ናት፣ ጠዋት በመከራ ትነሳለች፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጣት ቆማ ስትሰራ) ትንቀጠቀጣለች፣ መብራት ላይ ስትቆም ትጠፋለች፣ ነዳጅ ስትሰጣት ግን ትስተካከላለች፣ ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ቀይረህ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) አስጠርገህ ለውጥ የለም፣ አሁን አዲስ ካርቡራተር ልግዛ ወይ ነው ያልከው። እባክህ ገንዘብህን አታውጣ፣ ገና ነው።

እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። የአባቴ ቮልስ 1500 ነበረች፣ ስድስት ወር ሙሉ ካርቡራተር ስናወርድ ስንሰቅል ከረምን፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሁለት ገዝቻለሁ፣ መካኒኩ ሚኒሞውን ከፍ ያደርግልኛል ሁለት ቀን ደህና ትሆናለች ከዚያ ያው ናት። በመጨረሻ በእድሜ ጠና ያሉ፣ ከድሮ ጀምሮ ቮልስ ብቻ የሚሰሩ ሰውዬ ጋ ወሰድኳት። ምንም ሳይነኩ ቆመው ትንሽ አዳመጡና "ቫልቯ ለምን ዝም አለ?" አሉኝ። እኔ ድምጿ ጸጥ ማለቱን እንደ ጤንነት ነበር የማየው። ለካ ቮልስ ትንሽ ትክ ትክ ካላለች ነው የሚያሰጋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቭ (የሲሊንደሩን ማስገቢያና ጭስ ማውጫ የሚከፍትና የሚዘጋው) በስራ ብዛት መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ፣ አንዳንዴም እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ያኔ በቫልቩና እሱን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፣ ትክ ትክ የሚለው ድምፅም አብሮ ይጠፋል። ክፍተቱ ሲያልቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ እመቃ (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ) ያፈሳል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ለማፍሰስ ጊዜ ስለማያገኝ አይታወቅህም፣ ሚኒሞ ላይ ግን ያ ሲሊንደር የለም ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ነዳጅ ስትሰጣት የምትስተካከለው። ከሁሉም የሚጠቃው 3 ቁጥር ሲሊንደር ነው፣ ምክንያቱም በአንተ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ማከፋፈያው ቆርቆሮ ውስጥ 3 ቁጥር አናት ላይ ስለተቀመጠ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው (ይሄን ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው ያስተካከሉት)። የጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫው ላይ ካላረፈ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት የለውም፣ ይቃጠላል፣ ከባሰም ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳዋል። የእኔን ጋሽዬ ሲከፍቱት 3 ቁጥር ላይ ምንም ክፍተት አልነበረም፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ሳይበላሽ የደረስነው በእግዜር ቸርነት ነው።

መጀመሪያ ይሄን ሞክር፣ ሞተሩ እየሰራ የካንዴላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ጎማ የተሸፈነ ፒንሳ ይዘህ ነቅለህ መልስ (በባዶ እጅ አይሆንም፣ ይነዝራል)። ደህናውን ስትነቅል ሞተሩ ይወርዳል፣ ነቅለኸው ምንም ካልተለወጠ የሞተው እሱ ነው። ያንን ሳታውቅ ምንም ነገር አትፍታ።

ከዚያ ቫልቭ። ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር መሆን አለበት፣ ለብ ካለ እንኳ ልኩ ይሳሳታል። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንሳና ሮተሩ (ውስጡ የሚዞረው) ጠርዙ ላይ ካለችው ጭረት ጋር እስኪገጥም ፑሊውን አዙር፣ ያኔ 1 ቁጥርን ትሰራለህ፣ ከዚያ ፑሊውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር ወደኋላ ስትመልሰው 2፣ እንደገና ግማሽ 3፣ እንደገና ግማሽ 4። የክፍተቱ ልክ ለአስገቢውም ለአስወጪውም ቫልቭ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቁልፍ 13፣ ካቻቢቴና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ይበቃሃል። ዳዶውን ስታጠብቅ ቡሎኗ አብራ ስለምትዞር ካጠበቅክ በኋላ ድጋሚ ለካ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እኔ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር አያታለሁ።

እሳቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ኮንታክት ፖይንቱ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው) ክፍተቱ 0.4፣ ካንዴላው 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የሽቦው ተራ 1-4-3-2 ነው፣ ኮንደንሰሩ ርካሽ ስለሆነ ከኮንታክቱ ጋር አብረህ ቀይረው። ታይሚንጉን (እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ) ቫልቭና ኮንታክት ከጨረስክ በኋላ ነው የምትነካው፣ ኮንታክቱ ሲለወጥ እሱም ይለወጣልና።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተንቀጠቀጠች አየር እያስገባች ነው። የማኒፎልዱ (ከካርቡራተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቱቦ) መጋጠሚያዎችና የካርቡራተሩ ስር ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ላይ በሲሪንጅ የሳሙና ውሃ ጠብ ጠብ አድርግ፣ ድምጿ ከተለወጠ እዚያ ነው። የካርቡራተሩን የጋዝ ዘንግም በእጅህ ነቅነቅ አድርገው፣ ከላላ በዚያ አየር ይገባል፣ እሱ እያለ ሚኒሞ በጭራሽ አይስተካከልም።

ጠዋት ስላልከው ደግሞ፣ ማኒፎልዱ ስር ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ትኩስ ጭስ የምታመላልስ ቀጭን ቱቦ አለች፣ ማኒፎልዱን የምታሞቀው እሷ ናት። ካርቦን ከደፈናት አዲስ አበባ በክረምት ጠዋት ማኒፎልዱ ላይ ውርጭ ሲያዝ ታያለህ፣ ቤንዚኑም አይተንም። አስር ደቂቃ ነድተህ እጅህን ሳታስነካ ጠጋ አድርግ፣ በሁለቱም ጎን መሞቅ አለባት። አንዱ ከቀዘቀዘ ማኒፎልዱን አውርደህ መጥረግ ነው፣ እኔ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነበር።

ካርቡራተሩ ከዚህ በኋላ ነው። ቁልፍ ስትከፍት ጎኑ ላይ ሽቦ የሚገባባት ነገር ቀጭ ማለት አለባት፣ ካላለች የሚኒሞው ቤንዚን አያልፍም። ካንዴላህ ጥቁር ጥላሸት ይዞ ካገኘኸው አትደንግጥ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን አየሩ ስስ ነው፣ ለባህር ጠለል የተሰራ ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥን ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ዋና ጂግለር ማስገባት ይቻላል፣ ግን ወደ አዋሽ ወይ ድሬዳዋ ስትወርድ ትልቁን መልስ፣ ቆላ ላይ ቤንዚን ካነሰ ያው 3 ቁጥር ነው የሚቃጠለው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ ሞተሩ ጋ ያለውን የቤንዚን ጎማ ዛሬውኑ ጎንበስ ብለህ እየው። ከተሰነጠቀ ወይ ከላላ ቀይረህ በክላምፕ እሰረው፣ ፊልትሮም ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ከተንጠለጠለ አንሳው። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዥየም ያለበት ነው፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ስትደፋበት ይብሳል።

አሁን ሽቦዎቹን ነቅለህ ሞክርና የሞተው ስንት ቁጥር እንደሆነ ጻፍልኝ፣ 3 ከሆነ ቫልቩን ሳትለካ መኪናዋን ከግቢ አታውጣት።