«ለአማቴ ምን ብሠራላቸው ይጣፍጣቸው ይሆን?»

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴና ከ2 ልጆቻችን ጋር አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ቤት እንኖራለን። ባለፈው ዓመት የባለቤቴ አባት ሲሞቱ አማቴን ከመንዝ አመጣናቸው። ቤታችን እንዲሞቃቸው የማላደርገው የለም። ከሥራ እንደገባሁ ልብሴን ሳልቀይር ነው የማበስለው። ምግቤ ቀላል ነው፤ ግን ንጹሕና ያማረ ነው፦ የምስር ሾርባ፣ ሩዝ በካሮትና በፎሶልያ፣ ፓስታ በአትክልት፣ የዓሣ ጥብስ፣ የድንች ሰላጣ፣ የዱባ ሾርባ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፤ አበባም አይጠፋውም። ወጥ ቤት አንድም ቀን አላስገባኋቸውም፤ ከመቀመጫቸውም አላስነሣኋቸውም። እሳቸው ግን ሁለት ጊዜ ቀምሰው «ጠገብኩ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ክፍላቸው ብገባ ከአገር ቤት የመጣ የገብስ ቆሎ በጨለማ ሲቆረጥሙ አገኘኋቸው። አለቀስኩ። ባለቤቴ «ተያት፣ እርጅና ነው» ይላል። በሠርጌ ሰሞን ወጤን ቀምሰው «ሽንኩርቱ ገና ነው» ያሉኝን እንኳ ረስቼላቸው እንዲህ እደክማለሁ። ምን ብሠራላቸው ይጣፍጣቸው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀኑን በሥራ ውለሽ፣ አመሻሹን ምድጃ ዳር ቆመሽ ያበሰልሽው ምግብ ተትቶ ቆሎ በጨለማ ሲቆረጠም መስማት ያማል። ደግነትሽን አልጠራጠርም። የጠየቅሽኝን እንዳለ ብመልስልሽ ግን የምበድልሽ ይመስለኛል። የምግብ ስም ብጠቅስልሽ ነገ ያንኑ ትሠሪያለሽ፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ቀምሰው ይመርቁሻል።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ መስመር ነው። «ወጥ ቤት አንድም ቀን አላስገባኋቸውም» ብለሻል። ይህን እንደ ውለታ ቆጥረሽ እንደጻፍሽው ይገባኛል። እናት ስታረጅ ማረፍ አለባት ብለን ነው ያደግነው። ግን እስኪ ለአፍታ ከእሳቸው ወንበር ላይ ሆነሽ እዪው። በእኛ አገር ከመቀመጫው የማይነሣ፣ ወጥ ቤት የማይዘልቅ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎለት «ብላ፣ ጠጣ» የሚባለው ማን ነው? እንግዳ ነው። አማትሽም እንግዳ የሚያደርገውን ነው የሚያደርጉት። ጥቂት ይቀምሳሉ፣ አብዝቶ መብላት ነውር ስለሆነ «ጠገብኩ» ይላሉ፣ ያበሰለችውን እጅ ይመርቃሉ። ሌሊት ሲርባቸው ደግሞ የሰው ድስት አይከፍቱም፤ ስንቃቸውን ይፈታሉ። ያ ቆሎ ስንቅ ነው፣ እህቴ። የልጃቸው ቤት ገብተው ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው።

መንዝን ታውቂው እንደሆነ አላውቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ የገብስና የበግ አገር ነው። በዚያ ብርድ የቤቱ ልብ ምድጃው ነው፤ ምድጃውን የያዘች ሴት ደግሞ ቤቱን የያዘች ናት። አማትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆልተዋል፣ ፈጭተዋል፣ ጋግረዋል፣ የበግ ጠጉር ፈትለዋል። አሁን ያ እጅ ጭናቸው ላይ ተጣጥፎ ይውላል። ባላቸውን የቀበሩበት ዓመት ነው። ስለ ሐዘናቸው የጻፍሽልኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የመጡበትን ጊዜ ለመናገር የገባ። ለስንት ዓመት ማታ ማታ ሲያቀርቡለት የኖሩት ሰው የለም። ከእሱ ጋር ምድጃቸውም ተወሰደ። ሐዘኑ ሁለት ነው።

በእ.ኤ.አ. 1976 ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ያደረጉትን ጥናት እንዳነሣልሽ ፍቀጂልኝ። በአንዱ ፎቅ ለሚኖሩት አረጋውያን የየራሳቸውን ነገር ራሳቸው እንዲወስኑ ተነገራቸው፤ የሚንከባከቧት አንዳንድ ተክልም ተሰጣቸው። በሌላው ፎቅ ላሉትም ተክል ተሰጥቷል፤ ነገር ግን «ውኃ የምታጠጣላችሁ ነርሷ ናት» ተባሉ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲታይ ተክሏን ራሳቸው ያጠጡት የበለጠ ደስተኞች፣ ንቁዎችና ተንቀሳቃሾች ሆነው ተገኙ። ተክሏ ያቺው ናት። ልዩነቱ ማን ይወስናል፣ ማንስ ያጠጣታል የሚለው ላይ ነበር። አንቺ በቅን ልብ የሁለተኛው ፎቅ ነርስ ሆነሻል።

አያቴ በመጨረሻ ዘመኗ ዓይኗ ፈዞ ነበር። እናቴ ግን በየሁለት ቀኑ ሰፌድ ሙሉ ምስር ጭኗ ላይ ታስቀምጥላት ነበር። አያቴ በጣቷ እየዳሰሰች ትለቅማለች፤ ጠጠሩ ግማሹ ይቀራል። እናቴ ሌሊት ሁላችን ስንተኛ ያንኑ ምስር በፋኖስ ብርሃን ደግማ ትለቅመዋለች። በማግስቱ ምሳ ላይ «ዛሬስ የእማማ ምስር ነው» ትላለች። እናቴ ይህን ያህል የምትደክመው ለምን እንደሆነ የገባኝ በዚህ ሙያ ስንት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ትንሽ የሚከብድሽን ልናገር። የዘረዘርሻቸውን ምግቦች መልሰሽ አንብቢያቸው። ወጥ የለም። ሽሮ የለም። አማትሽ ቀምሰው «ይህ ጎድሎታል» ሊሉ የሚችሉት አንድም ነገር የለም። «ሽንኩርቱ ገና ነው» የሚለውን ረስቼዋለሁ ብለሻል፤ ግን ቃል በቃል ጽፈሽልኛል። አዲስ ሙሽራ ሆነሽ፣ ሰው ፊት የተነገረሽ ከሆነ፣ ውርደቱ ይታየኛል። ስለዚህ እሳቸው የማይገቡበት አዳራሽ የሠራሽ ይመስለኛል። ያማረ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ፍርድም አይደርስበትም። ሆን ብለሽ ነው አልልም፤ የተጎዳ ሰው ራሱን የሚጠብቀው ሳያውቀው ነው። ነገር ግን እሳቸው የሚገቡበት በር ያው ወጥ ቤቱ ነበር፣ እሱም ተዘግቷል።

ምን ይደረግ? ብዙ አይደለም፤ ደብዳቤ አንብቤ የምናገረው ስለሆነም በጥንቃቄ ውሰጂው። አበባውንም ነጩን ጨርቅም አታንሺ፤ ያምራል። በሳምንት አንድ ቀን ግን፣ እሑድ ቢሆን ይሻላል፣ የሽሮ እህል ገዝተሽ «እማማ፣ የእናንተ አገር ሽሮ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?» በያቸው። እርዳታ ለመስጠት ብለሽ ከሆነ ያውቁብሻል፤ የምር የማታውቂውን ጠይቂ። በሌላው ቀን ጨው ያስቀምሱልሽ፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጡልሽ። መጀመሪያ «አይ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ሊሉ ይችላሉ። ወሩን ሙሉ ቢሉም አትቀየሚ። ባለቤትሽ ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፉን ይተውና አንድ ምሽት ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ስለ አባቱ ያውሩ። ይህን አንቺ ልትሠሪለት አትችዪም። ሦስታችሁ መነጋገር ካቃታችሁ ወደ ምክር አገልግሎት በአካል ብትሄዱ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አይቆይ። በዚህ ዕድሜ ምግብ መቀነስ ከጥርስ፣ ከጨጓራ፣ ከመድኃኒት ወይም ከድብርት ሊመጣ ይችላል። ክብደታቸው ከቀነሰ ወይም እንቅልፍ ካጡ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያቸው።

ወጥ መሥራት የጀመርሽ ቀን ከኋላሽ መጥተው ድስቱን አይተው «ሽንኩርቱ ገና ነው» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ደረትሽ ውስጥ ያቺ የሠርጉ ሰሞን ሙሽራ ትነሣለች። እሳቱን ቀንሺና ማማሰያውን ስጫቸው።