«ስምንት ወር?» ብላ አለቀሰች

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ረጅም ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነህ። ከስምንት ወር በፊት ሥራ ቦታ እድገት አገኘህ፤ ስለት ስለነበረብህም ከዚያው ወር ጀምሮ አሥራት ማውጣት ጀመርክ። ባለፈው ሰሞን ባለቤትህ ልብስ ልታጥብ ኪስህን ስትፈትሽ የሰበካ ጉባኤ ደረሰኝ አገኘች። 1,850 ብር ይላል። ስልኳን አውጥታ አሰላች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችህ፣ ነገርካት። «ስምንት ወር?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ኩርፊያ ነው። አንተ «ለአምላኬ የሰጠሁት ቆጫት፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የላትም» ትላለህ። ሽማግሌ ልጥራባት ወይ ብለህ ነው የጻፍክልኝ።

እኔ ግን ስልኳ ላይ ቀረሁ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቆምኩ። ሰው የወጣው ገንዘብ ከቆጨው የወጣውን ይደምራል አይደል? 1,850ን በስምንት ያባዛል። እሷ ግን ራስህ እንደጻፍከው «በአሥር አባዛችው»። 18,500 ወጣ። እሷ የምታውቀው ደሞዝህ 11 ሺህ ነው፤ ይቺን ደግሞ ደብዳቤህ መሃል በአንድ መስመር ጣል አድርገሃት አልፈሃል፣ ምንም እንዳልሆነ። ባለቤትህ ያን ቀን ያሰላችው አሥራትህን አይደለም። ደሞዝህን ነው። ከባሏ አፍ መስማት የነበረባትን ከደረሰኝ ላይ አነበበችው። «ስምንት ወር?» ያለችውም ስምንት ወር ሰጠህ ወይ ለማለት አይመስለኝም፤ ስምንት ወር ሙሉ እያየኸኝ ዝም አልክ ወይ ነው።

በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ምን ምን ሆነ? ጽፈኸዋል፣ ሳታስበው። እሷ ዘይትና ስኳር ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ስትወስድ ነበር። በጥቅምት ለትንሹ ልጅ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይገዛ ብትልህ «ወሩ ይልቀቅ» አልካት። በብርድ ልብስ ፋብሪካ በምትታወቅ ከተማ፣ በዚያ ውርጭ! የሰበካው ገንዘብ ያዥ ገቢህን ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። 1,850 ተቀንሶ፣ ቤት የሚያውቀው 11 ሺህም ተቀንሶ፣ የሚቀረውን 5,650 ብር ለምን እንደምታውለው ለእኔም አልነገርከኝም። በመጥፎ አልጠረጥርህም። ለቤት መሥሪያ እያጠራቀምክ ይሆናል፣ ወይም ጭማሪው ከታወቀ ዘመድ አዝማዱ ይመጣል ብለህ ፈርተህ ይሆናል፤ ብዙ ወንድ በዚህ ነው የሚደብቀው። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች?

የመንዝ ገበሬ ሚስት ጎተራው ውስጥ ስንት ቁና ገብስ እንደቀረ ከባሏ በላይ ታውቃለች። እጇን ሰድዳ የምትሰፍረው እሷ ናትና። አሥራት ለአያቶቻችን የመንግሥት ግብርም ነበር፣ በ1960 ዓ.ም በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ፤ ያኔ እህሉን የሚደብቅ ቢኖር እንኳ ከግብር ገማቹ ነው የሚደብቀው፣ ከሚስቱማ እንዴት ብሎ! አሁን ደሞዝ ባንክ ገብቶ ጎተራው ስልክ ውስጥ ተቆልፏል። የይለፍ ቃሉም ያንተ ብቻ ነው።

የጠቀስክላት ጥቅስ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10 ነው፣ አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ የሚለው። እኔ የቤተክርስቲያን መምህር አይደለሁም፤ ትርጓሜውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ግን አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገልብጥና ምዕራፍ 2 ቁጥር 13 እና 14ን አንብብ። መሠዊያው በእንባ ስለተሸፈነ ቁርባናቸው አልታየላቸውም ይላል። ለምን ቢሉ፣ እግዚአብሔር በሰውየውና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክር ሆኖ ቆሟልና። አሥራቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን የምነግርህ በጥቅስ ልመታህ አይደለም (እውነት ለመናገር ትንሽ ነው)፣ የእሷን እንባ የክህደት ምልክት አድርገህ ስላየኸው ነው።

አሥራትህን አቁም አላልኩም። ስለትህን ማክበርህ መልካም ነው፣ እሷም ብትጠየቅ እምቢ የምትል አይመስለኝም። እስካሁን ግን የጠየቃት የለም።

ሽማግሌው ይቆይ። ሽማግሌ ከጠራህ እሷን ተከሳሽ ታደርጋለህ፣ ነገሩም ይገለበጣል። ልጆቹ ሲተኙ ደሞዝህን ሙሉውን ንገራት፣ የተጠራቀመውንም። «አልነገርኩሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» በል፤ «ግን» የምትለዋን ቃል ዋጣት። ትቆጣለች። ምናልባት ለሳምንታት አታምንህም፣ «ሌላስ ምን አለ?» ትልሃለች፤ መብቷ ነው፣ ታገስ። አሥራቱ ስንት ይሁን የሚለውን ከዚያ በኋላ አብራችሁ ተነጋገሩ፣ ቢቻል የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሁለታችሁም ሄዳችሁ። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላም ኩርፊያው ካልለቀቀ ከአማካሪ ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብትሉ ይሻላል። እኔ የሰማሁት ያንተን ወገን ብቻ ነው፣ እሷን ብሰማ ሌላ ነገር ልል እችላለሁ።

ብርድ ልብሱን ግን ከመናገርህ በፊት ገዝተህ እንዳትገባ፤ ማባበያ ይመስልባታል። ከነገርካት በኋላ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ አብራችሁ ሄዳችሁ እሷ ትምረጥ።