ኮስት ሼሪንግ ሳያልቅ ማስተርስ መጀመር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ አካውንታንት ነሽ። ሁለት ልጆች አሉሽ። የዲግሪሽ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ዕዳ) ገና አላለቀም። «ደሴ ቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ዕዳዬን ላስቀድም? ክፍያውን በሙሉ ብበደርስ?» ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ ይቻላል። እኔም ደሴ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የተማርኩት። ሙሉውን መበደሩን ግን ተይው። ከዚያ በፊት ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ፋይልሽ ምን እንደሚመስል እይ።

በ1996 የተጀመረው ወጪ መጋራት ለምግብ፣ ለመኝታና ከትምህርት ወጪው ለተወሰነው ድርሻ ያስፈርማል። ሥራ ስትይዢ ከደመወዝሽ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይሄዳል። ከፔሮል ላይ ስለሚነሳ ትረሽዋለሽ። ትዝ የሚልሽ ወረቀት ያስፈለገሽ ቀን ነው። ዕዳው ካልተዘጋ ኦርጅናል ዲግሪሽ አይወጣም፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይላክልሽም። አንዳንድ ኮሌጅ በቴምፖራሪ (በጊዜያዊው ዲግሪ) እና በስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው በሚሰጠው የውጤት ቅጂ) ይመዘግብሽና «ኦፊሻሉን በኋላ ታስልኪያለሽ» ይልሻል። ያ «በኋላ» የሚመጣው ቴሲስሽን ጨርሰሽ ለምረቃ ስትሯሯጪ ነው።

የእኔን ልንገርሽ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በየወሩ ይቆርጥብኝ ነበር፣ ፔይ ስሊፑ ላይ አለ። ገቢዎች ሄጄ ምን ያህል ቀረኝ ስል ልጅቷ ስሜን አውጥታ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወሮቹን እየነካች ወረደች። መሀል ላይ ቆም አለች። ከዚያ በታች ባዶ ነው። የተቆረጠው ገንዘብ በስሜ አልገባም። ፋይናንስ ክፍሉ «ልከናል» ይላል፣ ደረሰኝ አምጡ ስል ግን ፀጥ። የ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የስንቱን መሥሪያ ቤት ዶሴ እንደበላ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ «ያኔ ጠፍቶ ይሆናል» የምትለዋ መልስ ለሁሉም ነገር ትሠራለች። ያዳነኝ ፔይ ስሊፖቼን አለመጣሌ ነው። ኮፒ አድርጌ ከማመልከቻ ጋር አስገባሁ፣ ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ ተስተካከለ።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትይ የተከፈለውንና የቀረውን የሚያሳይ ማስረጃ ከገቢዎች ጠይቂ። አካውንታንት ስለሆንሽ ከእኔ ይቀልሻል፣ ፔሮሉ በእጅሽ ነው። ቀሪው ትንሽ ከሆነ ባንድ ጊዜ ዝጊውና ክሊራንስሽን ያዢ። ብዙ ከሆነ ግን ለእሱ ብለሽ ወለድ ያለው ብድር ውስጥ አትግቢ፣ ከደመወዝሽ እየተቆረጠ ይሂድ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት መቼ ግዴታ እንደሚሆን ደግሞ የምትገቢበትን ሬጅስትራር አስቀድመሽ ጠይቂ። ቃል ብቻ አትመኚ፣ በጽሑፍ ይስጡሽ።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ ማስተርስ ባንድ ጊዜ አይከፈልም። በሴሚስተር ነው፣ አንዳንዱ ኮሌጅ በወርም ይቀበላል። ታዲያ የሁለት ዓመቱን ዛሬ ተበድሮ ገና ላልተማርሽው ወለድ መክፈል ለምን? ደግሞ ገንዘቡ እጅሽ ላይ ካለ የቤት ጣጣ ይቀድመዋል። የፋብሪካችሁ ቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ የአንድ ሴሚስተሩን ብቻ ውሰጂና እሱን ከፍለሽ ስትጨርሺ ሌላ ትጠይቂያለሽ። ሂሳቡን ግን ሥሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከደመወዝ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከሲሶ ማለፍ የለበትም። ግብርና ጡረታውን ለጊዜው ትተን፣ ደመወዝሽ 9,000 ቢሆን ጣሪያው 3,000 ነው። ከዚያ 900ው ለኮስት ሼሪንግ ይሄዳል። ለማኅበሩ ቁጠባም ለብድሩም የሚቀርሽ 2,100 ነው ማለት ነው። ሕጉ እስከዚያ ቢፈቅድም እኔ ብሆን ጣሪያው ድረስ አልሄድም። ልጅ ይታመማል።

ወለድ የማትነኪ ከሆነ ደግሞ የባንኮቹ ሙራባሃ ለዚህ እምብዛም አይመችም፣ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ አትርፎ የሚሸጥበት አሠራር ነው። ያኔ እቁብ ነው የሚያዋጣሽ። እኔን ያስተማረኝ የመሥሪያ ቤት እቁብ ነው ብል አልዋሸሁም። ስትገቢ ለዳኛው «ምዝገባ በዚህ ወር ነው» ብለሽ ንገሪው። ዕጣ የወጣለት ሰው ካልቸገረው ይለውጥሻል። እኔ ጋ አንዲት እናት ወረቀቷን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ አጣጥፋ «እንኪ፣ እኔ ለአረፋ ይደርስልኛል» ብላ ሰጥታኛለች። ባንክ እንዲህ አያደርግልሽም።

ኮሌጁ የማይነግርሽ ወጪ አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅዳሜም እሁድም መመላለስ፣ ምሳ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የቴሲስ ፕሪንትና ጥራዝ። ክረምት ላይ መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ዳገት ጉም ሲለብስ ሚኒባሱ ስለሚያዘግም ማለዳ መነሳት አለብሽ። ብርዱን አልነግርሽም፣ የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ሲመጣ ጃኬት መርሳቱ አይቀርም።

ሳትከፍይ ግን ፈቃዱን አጣሪ። ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በካምፓስና በፕሮግራም ነው። ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ስላለው ደሴም አለው ማለት አይደለም። አካውንቲንግ ስላለውም ኤምቢኤ አለው ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለልሽ፣ የኤክስቴንሽን ክፍያውን ጠይቀሽ ከግሉ ጋር አስተያዪ። ጋት የሚሉትን የማስተርስ መግቢያ ፈተናም ቀድመሽ ተፈተኚ፣ ሳታልፊ ለምዝገባ ብለሽ አትበደሪ።

የልጆችሽ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም መስከረም ላይ ነው የሚደራረብብሽ። ኮሌጁ በሁለተኛው ሴሚስተር የሚቀበል ከሆነ ያኔ ብትጀምሪ ይሻላል። እስከዚያ የገቢዎቹም ወረቀት ይደርስልሻል። ማመልከቻውን እንዴት እንደጻፍኩት ካስፈለገሽ በውስጥ አውሪኝ፣ ፎቶውን እልክልሻለሁ።