መልስ፦ በሐምሌ በሽሎን በጀልባ ስለ መውረድ

አብሽር ወንድሜ፣ ከጓደኞችህ ጋር የወሎውን ወንዝ በሽሎን በሚነፋ ጀልባ ለመውረድ ማሰብህ ደስ ይላል፤ ሐምሌ ግን በፍጹም አይሆንም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ የሚወርደው አፈርና ግንድ እየገፋ ነው። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢሆን እንኳ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ቆይቶ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ውሃው በድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳትሉ ወደ ከፍታ ውጡ።

እኔ ብሆን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። በበጋ ውሃው ስለሚሳሳ ጀልባ መጎተት ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ መውጫው ነው። ከደላንታ ሜዳ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሰው ቢጎዳ ገደሉ ውስጥ መኪና አይደርስላችሁም። የእግር መንገድ የሚወጣባቸውን ቦታዎች የአገሩን አባቶች ጠይቃችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ በቅሎ ካለው ሰው ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ፈጣን ውሃ በአስቸጋሪነቱ ከ1 (ቀላሉ) እስከ 6 በደረጃ ይመደባል። ጀማሪዎች ነን ስላልክ ከ2 በላይ አልመክርም። ድምፁ እየተሰማ መጨረሻው ካልታያችሁ ዳር ወጥታችሁ በእግር እዩት። የወደቀ ሰው ለመቆም አይሞክር፤ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደ ፊት ከፍ አድርጎ ይንሳፈፍ። እግር ድንጋይ መሃል ከተያዘ ጉልበት በሚደርስ ውሃም ሰው ይሰምጣል። የመንሳፈፊያ ሰደርያና የራስ ቁር ለእያንዳንዱ ሰው የግድ ነው። ቆላው ወባ ስላለበት አጎበር ያዙ።