ሂማላያን የወደድሽ የሐዋሳ ተማሪ፣ መጀመሪያ ወደ አዶላ ውረጂ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሐዋሳ የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ልቤ ያለው ሜታሞርፊክ አለት (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ድንጋይ) እና ስትራክቸራል ጂኦሎጂ (የአለት ስንጥቅና እጥፋት ጥናት) ላይ ነው፤ በተለይ የሂማላያ። ዙሪያዬን ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ ነው የማየው። ቤተሰቦቼ ‹ድንጋይ ለቅመሽ ምን ልትበይ ነው?› ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ቀይሪ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አትቀይሪ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ከዜሮ መጀመር ዕድሜ መፍጀት ነው። ኮምፒውተሩ ካማረሽ ኪው ጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌርና ትንሽ የፓይተን ፕሮግራሚንግ በትርፍ ሰዓትሽ ልመጂ።

ሂማላያ ላይ ልብሽ መሄዱ አይገርመኝም። ሕንድ ከእስያ ጋር መጋጨት ከጀመረች ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል፤ ግፊቱ ዛሬም አልቆመም። የኤቨረስት ጫፍ ባሕር ውስጥ የተከማቸ የኖራ ድንጋይ ነው። ለእኔ ግን ከጫፉ ይልቅ ታችኛው ይገርመኛል። ሜይን ሴንትራል ትረስት በሚባለው ትልቅ ስንጥቅ አካባቢ ሽቅብ ስትወጪ መጀመሪያ ክሎራይት፣ ከዚያ ባዮታይት፣ ጋርኔት፣ ካያናይት፣ በመጨረሻ ሲሊማናይት ታገኛለሽ፤ እነዚህ ማዕድናት በቅደም ተከተል እየጨመረ የሚሄድ ሙቀትን ያሳያሉ። በደንቡ ቢሆን ይበልጥ የጋለው አለት ከታች መሆን ነበረበት። እዚያ ግን ከላይ ተቀምጧል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ባለሙያዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ።

ይህን ትምህርት ለመጀመር ግን የካትማንዱ ትኬት አያስፈልግሽም። በሀገረ ሰላምና በቦሬ አድርገሽ ወደ ክብረ መንግሥት (አዶላ) ስትወርጂ የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያልቅና ሺስትና ናይስ የሚባሉት የአዶላ ሜታሞርፊክ አለቶች ይጀምራሉ። ምሥራቅና ምዕራብ ጎንድዋና የሚባሉ ጥንታዊ የአህጉር ክፍሎች ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሲጋጩ ከዓረቢያ እስከ ሞዛምቢክ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ተፈጥሮ ነበር። ተራራው በዝናብና በወንዝ ተጠርጎ ሄዷል። የቀረው ሥሩ ነው። ሂማላያ ውስጥ ገና ጥልቅ ሆኖ የተቀበረውን ዓይነት ነገር አዶላ አካባቢ ባለችው ሻኪሶ ላይ በጫማሽ ትረግጪዋለሽ። (ባሌና ስሜን ከፍ ስላሉ አይሸውዱሽ። እነሱ የእሳተ ገሞራ ክምር ናቸው እንጂ በግጭት የታጠፉ ተራሮች አይደሉም።)

ወደ እንጀራው እንምጣ። በግልጽ ልንገርሽ፤ ሜታሞርፊክ ፔትሮሎጂን (የእነዚህን አለቶች አፈጣጠር ጥናት) ብቻ ይዘሽ እዚህ አገር ሥራ ማግኘት ይከብዳል። ከማስተማርና ከምርምር ውጭ ቦታው ጠባብ ነው። እንጀራሽ ያለው ስትራክቸራል ጂኦሎጂው ላይ ነው። ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደንቢ ወርቅ የሚገኘው አለቱን ሰንጥቀው በገቡ የኳርትዝ መስመሮች ውስጥ ነው፤ ኳርትዙ ደግሞ የገባው አለቱ የተሰነጠቀበትንና የተንሸራተተበትን መስመር ተከትሎ ነው። ስለዚህ ወርቅ ፈላጊ ስንጥቅና እጥፋት የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። አፍንጫሽ ሥር ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ እንፋሎትም የሚወጣው በስንጥቅ ነው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪውም፣ መንገድ ሲቆረጥ ተዳፋቱ እንዳይናድ የሚፈራው መሐንዲስም ያንኑ ዕውቀት ይፈልጋሉ።

ደህና ጠያቂ ኢንተርቪው ላይ ትርጉም አያስሸመድድሽም። የኮር (በቁፋሮ የወጣ ክብ የድንጋይ ዘንግ) ሳጥን ከፍቶ «ምን ይታይሻል?» ነው የሚልሽ። አትቸኩይ። ኮሩን በውሃ አርጥቢው፤ ደረቅ ከሆነ የአለቱ ንጣፍ (ማዕድናቱ የተደረደሩበት ገጽ) በደንብ አይታይም። ከዚያ ንጣፉ ከኮሩ ዘንግ ጋር የሚሠራውን አንግል ለኪ። ከዚያ ደግሞ ኮሩ መሬት ውስጥ ሳለ ወዴት ዞሮ እንደነበር ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ጠይቂ። ምልክት ከሌለው አንግሉ ብቻውን ንጣፉ ወዴት እንደሚያዘነብል አይነግርሽም። ይህን በራስሽ አንስተሽ ከጠየቅሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ብዙ ተመራቂ ቁጥሩን ጽፎ ዝም ይላል።

እንግዲህ የመመረቂያ ሥራሽን አዶላ ላይ አድርጊው። ሰፊ ቦታ አትያዢ። አንድ ጥሩ ገላጣ የወንዝ ዳር ይበቃሻል፤ ግን ንጣፉን፣ እጥፋቱንና የኳርትዙን አቅጣጫ በኮምፓስ አንድ በአንድ ለክተሽ በእጅሽ ሴክሽን (መሬቱ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳይ ሥዕል) ሳዪ። ውጭ አገር ለማስተርስ ስታመለክቺ፣ የጀርመኑ ዳድም ይሁን የጃፓኑ ሜክስት ስኮላርሺፕ፣ «ሂማላያን ከልጅነቴ እወዳለሁ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ይህ ሴክሽን ይናገርልሻል። ፕሮፌሰሮቹ ሂማላያን የሚወድ ሰው አላጡም።

ለቤተሰብሽ ግን እውነቱን ንገሪያቸው። የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ኮንትራት ነው፤ ካምፕ ውስጥ ወራት ማሳለፍ አለ። ከመፈረምሽ በፊት የሴቶች ማደሪያና መጓጓዣ እንዴት እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ። ይሉኝታ አይያዝሽ።

ሌላው፣ ወርቅ ባለበት አገር መዶሻ ይዞ የሚዞር እንግዳ ይጠረጠራል፤ እውነታቸውን ነው። ብቻሽን አትሂጂ። የዲፓርትመንት ደብዳቤ ለወረዳውና ለቀበሌው አስገቢ፣ የጸጥታውን ሁኔታ ከመምህሮችሽ አጣሪ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ግቢ። ደብዳቤ መመላለስ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል አሁኑኑ ጀምሪው፤ ለመስክ የሚመችሽ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው።