በአንድ ወር 100 ሊንክ አምጪ ተባልኩ፤ ልግዛ?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ማርኬቲንግ ተምረሽ በቅርቡ ተመርቀሻል። የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ለሙከራ ሊቀጥርሽ ነው። ሥራሽ ሌሎች ድረ ገጾች ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ እንዲያስቀምጡ ማድረግ ነው። ባለቤቱ በአንድ ወር 100 ሊንክ ፈልገዋል። አንድ ሰው ደግሞ 500 ሊንክ ባንዴ ልሽጥልሽ ብሎሻል። ገዝተሽ አስረክበሽ ሥራውን ብትይዢ ይሻል እንደሆነ ነው የጠየቅሽኝ።

ሥራውን ያዢ። ሊንኩን ግን አትግዢ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለባለቤቱ ስታስረጂም ይጠቅምሻል። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ ፔጅራንክ የሚባል ስሌት ይዘው ነበር። ስሌቱ በፍለጋ ውጤት የትኛው ገጽ ከፍ እንደሚል ሲወስን ሊንክን እንደ ምስክርነት ይቆጥራል። የምስክሮቹ ክብደት እኩል አይደለም፤ ራሱ በብዙዎች የሚጠቀስ ገጽ ሲመሰክር ይበልጥ ይደመጣል። እንዲህ ሲሆን የሐሰት ምስክር የሚሸጥ መምጣቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ጉግል ፔንግዊን የተባለውን የፍለጋ ስሌት ማሻሻያ ሲለቅ በእንዲህ ዓይነት ሊንክ ከፍ ያሉ ብዙ ድረ ገጾች ቁልቁል ወረዱ። ዛሬ የተገዛ ሊንክ ቢቀናው ከቁጥር አይገባም። ካልቀናው ድረ ገጹ ይቀጣል፤ ከፍለጋ ውጤት እስከመጥፋት ሊደርስም ይችላል። ሻጩ ተሰውሮ አንቺ ትጠየቂያለሽ።

ማስታወቂያ መክፈል ነውር እንዳይመስልሽ። የተከፈለበት ሊንክ ግን በኮዱ ውስጥ «ስፖንሰርድ» (የተከፈለበት) ወይም «ኖፎሎው» (እንደ ምስክርነት አይቆጠር) የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። ሻጩ «ዶሜን ኦቶሪቲያቸው ከፍተኛ ነው» ቢልሽም አትደንግጪ። ያ ቁጥር አንድ ድረ ገጽ በፍለጋ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ሞዝ የተባለ ድርጅት የሚያወጣው ግምት ነው እንጂ የጉግል መለኪያ አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ሊንክ ፍለጋ አትውጪ። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀውን ሰርች ኮንሶል የተባለ መሣሪያ ክፈቺና እስካሁን ማን ሊንክ እንዳስቀመጠ እዪ። መሣሪያው ነጻ ነው። ድረ ገጹ አንድ ጊዜ ታድሶ ከነበረ የድሮ አድራሻዎች ሞተው ሊሆን ይችላል። ሰው ሊንኩን ሲጫን 404 (ገጹ አልተገኘም) የሚል ገጽ ይመጣበታል። ያን አድራሻ በ301 (ገጹ ለዘለቄታው ቦታ ቀይሯል በሚል ምልክት) ወደ አዲሱ ገጽ ማዞር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የጠፋው ምስክርነት ይመለሳል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ዘለው ስለሚያልፉት ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ ድርጅቱን የሚያውቁትን አስቢ። መለዋወጫ የሚያቀርቡለት፣ አባል የሆነበት የሙያ ማኅበር፣ ስሙን ጠቅሰው ሊንክ ያላስቀመጡ ጸሐፊዎች አሉ። እነዚህን መጠየቅ ቀላል ነው።

ዋናው ሥራ ግን ሰው ወዶ የሚጠቁመው ገጽ መሥራት ነው። ስለዚህ ከጥገና ባለሙያው አጠገብ ወንበር ስበሽ ተቀመጪ። ለምሳሌ ክር ከጨርቁ ሥር ሲተበተብ ብዙ ሰው ጥፋቱ የታችኛው ክር ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በትክክል ያልገባው የላይኛው ክር ነው። ባለሙያው ይህን በእጁ ሲያሳይሽ ፎቶ አንሺ፣ በእሱ ቃል ጻፊው። ስፌት የሚያስተምር ሁሉ ለተማሪው የሚያሳየው ነገር ያኔ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ለእነዚያ አስተማሪዎች እንዲህ ብለሽ ልትጽፊ ትችያለሽ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለጀማሪዎች ያዘጋጁትን ገጽ አነበብኩት። ስለ ጥገና የጠቆሙት ሊንክ አሁን አይከፈትም። እኛ ክር ሲተበተብ ምን እንደሚደረግ በፎቶ ያሳየንበት ገጽ አለን። ይጠቅማል ካሉ ይተኩት፤ ባይሆንም የማይከፈተውን እንዲያውቁት ብዬ ነው።» በቃ፣ ከዚህ አይርዘም። ደብዳቤው ላይ ያነበብሽው ነገር ይታይ፤ ለሁሉም የተበተነ መልእክት ወዲያው ይታወቃል። አብዛኞቹ አይመልሱልሽም። አንዴ አስታውሺና ተዪው።

ባለቤቱን ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አነጋግሪያቸው። እንዲህ በያቸው፦ «100 ሊንክ በወር ብዬ ቃል ብገባልዎ እዋሽዎታለሁ። ሦስት ወር ይስጡኝ። በየሳምንቱ ለማን እንደጻፍኩ፣ ማን እንደመለሰ፣ በየትኛው ሊንክ ስንት ሰው ገብቶ ስንቱ እንደደወለ አሳይዎታለሁ።» ከስፌት ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ሊንክ፣ ማንም ከማያነበው ገጽ ከመጡ መቶዎች ይልቅ ደንበኛ ያመጣል። ይህን ሰምተው አሁንም «ግዢ» ካሉሽ ሥራውን ተዪው። ለጀማሪ ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከልቤ ነው።

ያን የሳምንት ሰንጠረዥ ለራስሽም ቅጂ ያዢ፤ ባለቤቱን ግን አስፈቅጂ። በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ «ምን ሠራሽ?» ስትባዪ ከሲቪሽ ጋር የምታሳዪው እሱን ነው። ያልተሳካውንም አትሰርዢው። ቀጣሪ ሃያ ቦታ ጽፈሽ ሁለት መልስ እንዳገኘሽና ከዚያ ደብዳቤሽን እንዴት እንደቀየርሽ ሲያይ ሥራውን እንደምታውቂው ይገባዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ገጹን ከመልቀቅሽ በፊት ባለሙያውን አስነብቢው። ስለ ክሩ የጻፍሽው ልክ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ነው።